ኡኡታ እየሰሙ መቀመጥ

ልጄ፣ አምቡላንስ ስምሪት ላይ ስልክ ተቀባይ ሆነሽ መመደብሽን እናትሽ ስትነግረኝ ደስም አለኝ፣ ሐሳብም ገባኝ። ሰው መርዳት ትወጃለሽ፤ ስለ ራስሽ ግን ደንታ የለሽም። በኛ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው ይሮጣል፤ ከጊንጪ እስከ ጉደር፣ ከጌዶ እስከ ባኮ ያው ነው። አንዱ ዱላ፣ አንዱ ቃሬዛ ይዞ ይወጣል። በ907 ይምጣ በወረዳው አምቡላንስ ስልክ፣ አንቺ ኡኡታውን ከሁሉም ቀድመሽ ትሰሚያለሽ፤ ግን ከወንበርሽ ንቅንቅ አትይም። የሥራሽ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ የምመክርሽም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

1. ከከባድ ጥሪ በኋላ ከወንበርሽ ተነሺ። ሰው ሲደነግጥ ልቡ የሚመታው፣ ጡንቻው የሚወጠረው ሰውነቱ ለሩጫ ሲዘጋጅ ነው። የሮጠው በላቡ ያወጣዋል። ተቀምጦ የሰማው ግን ያንኑ ድንጋጤ እንደያዘ ሌላ ስልክ ያነሣል፤ ማታ ትከሻው ተይዞ፣ ጨጓራው ተነሥቶበት ቤቱ ይገባል፤ ምን እንደነካው እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ስልኩን ለባልደረባሽ አስይዢና ግቢውን አንዴ ዞረሽ ተመለሺ። ብቻሽን ከሆንሽ እዚያው ቁሚ፤ አየር ሳቢና ከሳብሽበት አስረዝመሽ አስወጪው። አምስት ስድስት ጊዜ ብታደርጊው ልብሽ ይረጋል። ቀላል ነገር ነው ብለሽ እንደምትንቂው ስለማውቅ ነው ከሁሉ ፊት ያስቀመጥኩት።

2. ጥያቄሽን በተራ ጽፈሽ ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፊ። መጀመሪያ «የት ነው?» በይ፤ ኔትወርክ ቢቋረጥ እንኳ መኪናው የሚሄድበት ይኖረዋል። ገጠሩ የቤት ቁጥር የለውም። ቀበሌውን፣ ቀጥሎ ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወይም ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ «ባትሪ ይዞ መንገድ ላይ የሚቆመው ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ይህች የመጨረሻዋ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ሹፌሩ እንዳይስት ትረዳለች፣ ሲጮህ ለነበረው ሰውም የሚሠራው ነገር ሰጥታ ታረጋጋዋለች። «ና ቢርመዻ!» ለሚልሽ በኦሮምኛ፣ «ድረሱልኝ!» ለሚልሽ በአማርኛ፣ ስሙን እየጠራሽ መልሺለት። የደነገጠ ሰው ሐሳቡ ይበተናል፤ አንቺም ሰው ነሽና ያን ጊዜ ወረቀቱ ይመራሻል።

3. የራስሽን ድርሻ ከሌላው ለዪ። የጤና ሠራተኞች ስለ ሦስቱ መዘግየቶች ሲያወሩ ሰምተሽ ይሆናል። ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 የጻፉት ነው፤ የወላድ ሕይወት የሚጠፋው ሕክምና ለመፈለግ መወሰኑ ሲዘገይ፣ ጤና ተቋም መድረሱ ሲዘገይ፣ ከደረሰችም በኋላ ሕክምናው ሲዘገይ ነው ይላል። አንቺ ያለሽው መካከለኛው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ቢሆን መንገዱ፣ ዝናቡ፣ ጎማውና ነዳጁ ይጋሩሻል። ክረምት ላይ ጄልዱ ደጋ ጭቃ ውስጥ የተያዘ መኪና ያንቺ ጥፋት አይደለም። አድራሻ አሳስተሽ ከሆነ ያንቺ ነው፤ እሱን አርሚ። ሞት በተሰማ ቁጥር ሦስቱንም መዘግየት ብቻዋን የምትሸከም ልጅ ዓመት አትቆይም።

4. ልጆች ለቀልድ ሲደውሉ ዝጊና እርሺው። ንዴቱን ለሚቀጥለው ደዋይ አታሻግሪ፤ እሱ ሚስቱን ምጥ የያዛት ሰው ሊሆን ይችላል።

5. ዘመድ ከደወለ ስልኩን ለሌላ ስጪ። የምትሠሪባት አምቦ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ አንድ ቀን የአክስትሽ ድምፅ ይመጣል። አድራሻዋን ተቀበዪ፣ መኪናውን አሰማሪ፣ ከዚያ ወዲያ ባልደረባሽ ይቀጥል። ዘመድ የሆነ ሰው ጥያቄ ይዘላል፣ ቅድሚያ ያዛባል፤ የሰማው ድምፅም ዕድሜ ልኩን ከጆሮው አይወጣም።

6. የጥሪውን መጨረሻ ጠይቂ። ሐዘን በኛ ባህል ማብቂያ አለው፤ ይቀበራል፣ ሠልስት ይወጣል፣ ድንኳን ይፈርሳል። አንቺ ዘንድ ግን ደዋዩ ስልኩን ይዘጋል፣ አለቀ። ልጁ ዳነ? ሴትዮዋ ተገላገለች? አታውቂም። የማታውቂውን ደግሞ ሌሊት አልጋሽ ላይ ራስሽ ትጨርሺዋለሽ፤ ሁልጊዜም በክፉ። ስለዚህ ከልብሽ አልወጣ ያለውን አንዱን ጥሪ ብቻ፣ ፈረቃሽ ሳያልቅ ሹፌሩን «እንዴት ሆነች?» ብለሽ ጠይቂው። ክፉም ቢሆን እውነቱን ታውቂያለሽ፤ አልቅሰሽ ይወጣልሻል። ሁሉንም ግን አትከተይ፤ አይቻልም።

7. በሌሊት ፈረቃ ለእንቅልፍሽ ተጠንቀቂ። ሰውነት በጣም የሚደክመው ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ አድራሻውን ሁለቴ አስደግሚ። ከጠጣሽው ቡና ኃይል ግማሽ ያህሉ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶም ደምሽ ውስጥ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከጠጣሽ ጠዋት ዐይንሽ ፈጦ ይቀራል። እንቅልፍ ለማባረር ጫት፣ እንቅልፍ ለማምጣት አረቄ የጀመሩ ጎበዞች አይቻለሁ። ሁለቱንም እንዳትሞክሪ።

8. እስክታለቅሺ አትጠብቂ። ሥራው የሚያመጣው የአእምሮ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚገባው በድንዛዜ ነው። ስልኩ ሲጮህ ደዋዩን ሳትሰሚው ትጠዪዋለሽ። ቤትሽ ታናሽ ወንድምሽ ላይ ትጮኺያለሽ፤ የባጃጅ ጡሩንባ ያስበረግግሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን ሲያብራራ ሦስት ነገር ጠቅሷል፤ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቅ፣ «የምሠራው አይረባም» ማለት። «አንቺ እኮ አላየሽም፣ ሰማሽ ብቻ» የሚልሽን አትስሚ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ በሥራው ምክንያት የአደጋን አሰቃቂ ዝርዝር ደጋግሞ የሚጋፈጥ ሰውም በአደጋው ውስጥ እንዳለፈ ሰው ሊታመም እንደሚችል አስፍሯል።

9. ተናገሪ፤ ስም ግን አትጥሪ። የደዋዩ ስም፣ ቀበሌና ምስጢር ከክፍሉ አይወጣም። ያንቺ ድንጋጤ ግን ያንቺ ነውና ለምታምኛት ባልደረባሽ ንገሪያት። እሷም ከብዷት ዝም ካለች አታስጨንቂያት፤ አጠገቧ ተቀመጪና ቡና አጠጫት። ክፉ ሕልምና ብርገጋ ወር ካለፈው ሆስፒታል ሂጂና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቂ። «አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ትሂድ» እያሉ የሚሳለቁ አሉ፤ ሕመምሽን አይካፈሉሽምና ተያቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

10. የመሥሪያ ቤቱን ሸክም በትዕግሥትሽ አትሸፍኚው። እስካሁን የነገርኩሽ ሁሉ ሌሊቱን ስልኩ ላይ ብቻሽን ከቀረሽ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ስልኩን የምታስይዢው ሰው ከሌለ እንዴት ወጥተሽ ግቢውን ትዞሪያለሽ? በየፈረቃው ሁለት ሰው እንዲመደብ፣ ሌሊት የሠራ በማግስቱ እንዲያርፍ በጽሑፍ ጠይቂ። ከሹፌሮቹና ከነርሶቹ ጋር አብራችሁ ፈርሙ፤ ግልባጩን አስቀሪ። አለቃሽ ተቆጥቶ ይመልስሽ ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ድገሚው፤ ስንት ጥሪ እንደተቀበልሽ ከመዝገቡ ቆጥረሽ ጨምሪበት። ቅዳሜ ስትመጪ የፈረቃውን ሰሌዳ ይዘሽ ነይ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፈዋለን።