ሞልዬርና አሮጊቲቱ ገረድ

ሞልዬር የሚባል ስመ ጥሩ የቴአትር ደራሲ ነበረ። የተወለደውም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1622 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ነው። አባቱ በንጉሡ ቤት የአልጋና የወንበር ልብስ የሚያበጅ ባለሙያ ነበረ፤ ልጁ ግን ያባቱን ሥራ ትቶ በ1643 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋራ የቴአትር ማኅበር አቆመ። ማኅበሩም ዕዳ በዛበትና ሞልዬር በ1645 ዓ.ም. ስለ ዕዳው ታሰረ። ከዚያም ወዲያ ከፓሪስ ወጥተው ከ12 ዓመት በላይ ባገሩ ሁሉ እየዞሩ ተጫወቱ። በ1658 ዓ.ም. ተመልሰው በንጉሡ በ14ኛው ሉዊ ፊት ቢጫወቱ፥ ንጉሡ ደስ ብሎት የሚጫወቱበትን አዳራሽ ሰጣቸው።

ሞልዬር መጻፍ ብቻ አልነበረም ሥራው፤ ተጫዋቾቹን ያስተምር ነበር፥ ራሱም ከነርሱ ጋራ ይጫወት ነበር።

ልጆች ሆይ፥ ንጉሥ ያመሰገነው ይህ ሰው ጽሕፈቱን ለማን ያሳይ ይመስላችኋል? ወዳጁ ባለቅኔው ቧሎ እንደ ተናገረው፥ በቤቱ ለምትኖር ለአንዲት አሮጊት ገረድ ያነብላት ነበር። ያሥቃል ብሎ የጻፈው ነገር እርስዋን ያላሣቃት እንደ ሆነ ያን ስፍራ ያርመዋል። እርስዋ ያልሣቀችበት ነገር በአዳራሹም ሕዝቡን እንደማያሥቀው ብዙ ጊዜ ፈትኖ አይቶታልና። የተማረ ሰው ደራሲውን ደስ ለማሰኘት ይሥቃል፤ ያልተማረ ግን ካላሣቀው አይሥቅም።

አንድ ቀን ደግሞ ሊፈትናት ብሎ፥ ብሬኩር የሚባል ሌላ ተጫዋች የጻፈውን የራሱ አስመስሎ አነበበላት ይባላል። እርስዋም ጥቂት ቃል እንደ ሰማች፥ ይህንስ ጌታዬ አልጻፈውም ብላ ተከራከረችው።