በኮራል አጥንት ውስጥ ስለሚኖረው አልጌ

በጎተራ ውስጥ የተሰወረ ነገር ነቀዝም ሊሆን ይችላል፥ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅም ሊሆን ይችላል። በባሕር ውስጥ ግን ሁለቱንም የሆነ አንድ ፍጥረት አለ፤ ይኸውም በኮራል አጥንት ውስጥ የሚኖረው አልጌ ነው።

አስቀድሞ ኮራል ምንድን ነው ቢሉ፥ ቅርንጫፍ በማውጣቱ ዛፍ፥ በጥንካሬውም ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ሰውነታቸው ለስላሳ የሆነ ታናናሽ እንስሳት በማኅበር ሆነው ከባሕሩ ውኃ ማዕድን እየወሰዱ ከበታቻቸው የኖራ ድንጋይ አጥንት ይሠራሉ፤ ሥጋቸውም በላዩ እንደ ስስ ልብስ ተዘርግቶ ይኖራል። አልጌ የሚባለው ደግሞ እውነተኛ ሥርና ቅጠል ሳይኖረው በውኃና በርጥብ ስፍራ የሚበቅል፥ በብርሃን ኃይል ምግቡን የሚያዘጋጅ ፍጥረት ነው።

ኮራል ሁለት ዓይነት የአልጌ እንግዶች አሉት። ፊተኛው በሥጋው ውስጥ ይኖራል፤ ከሚያዘጋጀውም ምግብ ብዙውን ለባለቤቱ ይሰጣል። የኮራል ቀለምም በአብዛኛው ከእርሱ የተገኘ ነው። ሁለተኛው ከሥጋው በታች በአጥንቱ ውስጥ ያድራል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚታየው አረንጓዴ መስመር ማደሪያው ነው። ከእነዚህ ይልቅ የታወቀው ኦስትሬዮቢየም ይባላል። ስሙን በ1889 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ቦርኔና ፍላኦ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት አወጡለት፤ በዛጎል ውስጥ ስለሚኖሩ ዕፅዋት ሲመረምሩ አግኝተውት ነበርና። እንደ ክር ቀጭን ነው፤ የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ መንገድ ያወጣል።

ብርሃን ወደ አጥንት ውስጥ እንዴት ይደርሳል ቢሉ፥ እጅግ ጥቂት ሆኖ ይደርሳል። ላይኛው አልጌ የሚታየውን ብርሃን አስቀድሞ ስለሚወስደው፥ በአንዳንድ ኮራል ወደ አረንጓዴው መስመር የሚያልፈው ከ100 እጅ 1 እጅ አይሞላም። ነገር ግን ከቀይ ወዲያ ያለው፥ ለሰው ዓይን እምብዛም የማይታየው ብርሃን ተርፎ ያልፋል። ኦስትሬዮቢየም በዚህ ትርፍ ብርሃን መኖርን ያውቃል።

ታዲያ ለባለቤቱ ይጠቅመዋልን? በ1955 ዓ.ም. ሃዋርድና ዩጂን ኦደም የተባሉ ወንድማማች ሊቃውንት በሰላማዊ ውቅያኖስ ስላለው የኤኒዌቶክ ደሴት በጻፉት ጥናት፥ በኮራል አጥንት ውስጥ ያለው አልጌ በሥጋው ውስጥ ካለው እንደሚበዛ አሳይተው ነበር። ጥቅሙ ግን በመከራ ጊዜ ይገለጣል። የባሕሩ ሙቀት ከለመደው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ቢቆይ፥ ኮራሉ በሥጋው ያለውን አልጌ ያጣል፤ ነጥቶም ይራባል። ያን ጊዜ ላይኛው መጋረጃ ስለ ተገፈፈ ብርሃን ወደ አጥንቱ በብዛት ይገባል፤ በውስጥ ያለውም አልጌ ይበዛል። ማኦዝ ፊንና ዮሲ ሎያ በእስራኤል የሜዲትራንያን ዳርቻ የሚገኘውን ኦኩሊና የተባለ ኮራል መረመሩ። አልጌው የሠራውንም ምግብ ምልክት ባለው ካርቦን ተከታትለው፥ በነጣው ኮራል ከአጥንት ወደ ሥጋ የሚሻገረው ምግብ እንደሚጨምር በ2002 ዓ.ም. አስረዱ።

ይሁን እንጂ ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። ይህ አልጌ ቤቱን እየሰረሰረ የሚኖር ነው። ኮራሉ በሕይወት ሳለ የተሰረሰረውን በአዲስ አጥንት ይተካል፤ ከሞተ በኋላ ግን የሚሠራ የለም፥ መሰርሰሩም አይቆምም፤ አጥንቱም ቀስ በቀስ ይፈርሳል። እንግዲህ ስንቅ ወይም ነቀዝ የሚያሰኘው የባለቤቱ መኖርና መሞት ነው።

ስለዚህ በዚህ ስንቅ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም። በ1998፥ በ2010፥ ከ2014 እስከ 2017፥ ከ2023ም ጀምሮ በብዙ ባሕሮች የሚገኙ ኮራሎች በሙቀት ነጥተዋል። ስንቅ መንገደኛን ጥቂት ቀን ያቆየዋል እንጂ እርሻ አይሆነውም። ኮራልም በአጥንቱ ያለው ምግብ ቢደግፈው እስኪያገግም ድረስ ነው፤ ለማገገም ደግሞ ባሕሩ ሊቀዘቅዝለት ያስፈልጋል። ባሕሩን ያሞቀው በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ጢስ ስለ ሆነ፥ የዚህ ነገር መድኃኒት በአልጌው እጅ ሳይሆን በሰው እጅ ይገኛል።