ልጁን በሰው ፊት መቼ እናቁመው?

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ክህሎት አለማመድና ስለ ተመልካች ጥቂት እንነጋገራለን። ነገሩ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። ልጅን ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ ሒሳብ የሚያሠራ መምህር ሁሉ ይመለከተዋል። ያለ ምልክት የተጻፉት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻችን የራሳችን ስሕተት ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ልጆችን የመረብ ኳስ ሰርቪስ እናስተምር ነበር፤ ከታች ወደ ላይ የሚመታውን፣ ቀላሉን። አንድ ሁለት ጊዜ ካሳየናቸው በኋላ «እስቲ አንቺ ነይና አሳዪን» ብለን አንዲት ልጅ ወደ መሐል ጠራን። ኳስ በእጇ ስትይዝ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ከሃምሳ የሚበልጡ ልጆች ከበዋታል። ኳሱ ወደ መረቡ መሄዱ ቀርቶ ወደ ኋላዋ ወደቀ። ሜዳው ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኛም፣ አንዋሽም፣ ፈገግ አልን። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልጅቷ «እግሬን አሞኛል» ብላ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ልምምዳችንን ጨርሰን እስክንመለስ ድረስ ኳስ አልነካችም።

በዚያው ቀን ግን በሰፈሩ ሲጫወት ያደገ አንድ ልጅ ብንጠራ፣ ጭብጨባው በበረታ ቁጥር የእሱም ምት በረታ። ሜዳው ያው፣ ተመልካቹ ያው፣ መምህሩም ያው፤ ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። ታዲያ ለምን?

ሀ. ተመልካች ያግዛል ወይስ ያሰናክላል?

ይህን ጥያቄ በሙከራ ለመመለስ ከጀመሩት አንዱ አሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት ነው። በ1898 ባወጣው ጥናት፣ ብስክሌት ጋላቢዎች ብቻቸውን ከሚጋልቡ ይልቅ ከሌላ ጋር ሲሆኑ እንደሚፈጥኑ ከውድድር መዝገቦች ተመለከተ። ቀጥሎ 40 ልጆችን የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ እንዲያሽከረክሩ አደረገ፤ አንዴ ብቻቸውን፣ አንዴ ከጓደኛ ጋር። ግማሾቹ ፈጠኑ። አሥሩ ግን ጓደኛ ሲኖር ተደናገጡና ዘገዩ፤ የቀሩት አሥሩ ብዙም ለውጥ አላሳዩም። እንግዲህ ከመጀመሪያውም «ሰው ሲያይ ሁሉም ይበረታል» የሚል ውጤት አልነበረም።

እንቆቅልሹን የፈታው ሮበርት ዛየንስ በ1965 ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰው ሲያየን ሰውነታችን ይነቃቃል። ሲነቃቃ ደግሞ ቶሎ የሚቀናን ድርጊት ቀድሞ ይወጣል። አንድን ሥራ በሚገባ ለለመደ ሰው ቶሎ የሚቀናው ትክክለኛው ድርጊት ስለሆነ ተመልካች ያግዘዋል። ለጀማሪ ግን ቶሎ የሚቀናው ስሕተቱ ነው፤ ስለዚህ ተመልካች ስሕተቱን ያጎላበታል። ዛየንስና ባልደረቦቹ በ1969 ይህን በበረሮዎች ሳይቀር ፈተኑት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በረሮዎቹ ሌሎች በረሮዎች ሲያዩአቸው ፈጠኑ፤ መታጠፊያ ባለው መንገድ ላይ ግን ዘገዩ።

በሰውም ታይቷል። በ1982 በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፑል ተጫዋቾችን በስውር ተመልክተው ጎበዞቹንና ደካሞቹን ለዩ። ከዚያ አራት ሰዎች ወደ ጠረጴዛው ቀርበው ማየት ጀመሩ። የጎበዞቹ የተሳካ ምት ከመቶ 71 ወደ 80 ከፍ አለ። የደካሞቹ ከ36 ወደ 25 ወረደ። የእኛም ሜዳ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ልጅቷ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ ጊዜዋ ሳይደርስ ስላወጣናት ነው።

ለ. ክህሎት በአንድ ቀን አይደርስም

ፊትስና ፖስነር በ1967 ክህሎት በሦስት ደረጃ እንደሚያድግ ጽፈዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ተማሪው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሐሳቡ ይቆጥራል፦ እግሬን የት ላድርግ? እጄን መቼ ልወርውር? በሁለተኛው ስሕተቱ እየቀነሰ እንቅስቃሴዎቹ ይያያዛሉ። በሦስተኛው እጁ ራሱ ያውቃል፤ ሐሳቡ ነፃ ሆኖ ስለ ጨዋታው ያስባል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው እኮ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ልጅ ጭንቅላቱ በሥራ ተሞልቷል። በዚያ ላይ የሃምሳ ልጆች ዓይን ስንጨምርበት የሚሸከመው ከአቅሙ በላይ ይሆናል።

ሐ. የዛሬ ማማርና የነገ መማር

ሌላው የምንሳሳትበት ነገር አለ። አንድን ምት ሠላሳ ጊዜ አከታትለን ስናሠራ ልጆቹ በዚያው ሰዓት ያምርባቸዋል፤ እኛም «ገብቷቸዋል» እንላለን። ሼይና ሞርጋን በ1979 ሦስት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ለሁለት ቡድን አስተማሩ። አንዱ ቡድን አንዱን ዓይነት ሲጨርስ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ሌላው ቡድን ሦስቱን እያደባለቀ ይሠራል። በልምምዱ ሰዓት ያደባለቁት ደከሙ። ከአሥር ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ያደባለቁት በለጡ።

ኬርና ቡዝ ደግሞ በ1978 የስምንት ዓመት ልጆችን ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ወደ ዒላማ አስወረወሩ። አንዱ ቡድን ፈተናው በሚሰጥበት ርቀት ብቻ፣ ማለት በ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተለማመደ። ሌላው በ60ና በ120 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተለማመደ፤ የፈተናውን ርቀት በልምምድ አልሞከረውም። በፈተናው የበለጠው ይኸኛው ነው።

ሆኖም ነገሩን ማጋነን አይገባም። ከቤተ ሙከራ ውጭ፣ በተለይም በሕፃናትና በፍጹም ጀማሪዎች ላይ፣ የማደባለቁ ጥቅም ያን ያህል ጎልቶ ያልታየባቸው ጥናቶች አሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አንዱን እንቅስቃሴ ማስያዝ፣ ከዚያ እየለዋወጡ ማሠራት ሳይሻል አይቀርም።

መ. ስታዲዮሙና ጩኸቱ

ተመልካች የሚነካው ተጫዋቹን ብቻ አይደለም፤ ዳኛውንም ነው። በ2002 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት 40 ዳኞች ሊቨርፑል በሜዳው ካደረገው ጨዋታ የተወሰዱ 47 ግጭቶችን በቪዲዮ አዩ። ከፊሎቹ ከነጩኸቱ፣ ከፊሎቹ ያለ ድምፅ ነበር ያዩት። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የያዙት ጥፋት በ15.5 ከመቶ ያነሰ ሆነ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የአውሮፓ ጨዋታዎች በባዶ ስታዲዮም ሲካሄዱም፣ በብዙ ሊጎች የባለሜዳ ብልጫ ቀነሰ፤ እንግዶቹ ላይ ይበዛ የነበረው ቢጫ ካርድም ተመጣጠነ።

እኛም አገር በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ ስታዲዮም በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ ሕዝቡ አብሮት ነበር። ድሉን ለጭብጨባው ብቻ መስጠት ግን ተጫዋቾቹን መበደል ይሆናል።

የሜዳው ከፍታም ድርሻ አለው። ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በ1968 ኦሊምፒክ ቦብ ቢመን የርዝመት ዝላይን ክብረ ወሰን በ55 ሳንቲ ሜትር አሻሽሎ 8.90 ሜትር ዘለለ። የ10,000 ሜትሩ አሸናፊ ግን ከወቅቱ ክብረ ወሰን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ዘገየ። በዚያ አየር ማራቶኑን ያሸነፈው በከፍታ አገር ያደገው የእኛው ማሞ ወልዴ ነው። ስለዚህ ሰዓትን ከሰዓት ስናወዳድር ቦታውን ጭምር እንጠይቅ።

ሠ. ለሥራችን ምን እንውሰድ?

1. አዲስ ክህሎት ስናስተምር ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገን እናሠራ። ሁሉም ሲሠራ ማንም ተመልካች አይሆንም።
2. የተመልካቹን ቁጥር ቀስ እያልን እናሳድግ፤ ከጓደኛ ወደ ትንሽ ቡድን፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ፣ በመጨረሻ ወደ ግጥሚያ።
3. በሰው ፊት ማሳያ ካስፈለገ መምህሩ ራሱ፣ አለዚያ የለመደና ፈቃደኛ የሆነ ልጅ ያሳይ።
4. ነጥብ የምንሰጠው በተማሩበት ሰዓት ሳይሆን ከቀናት በኋላ ይሁን።
5. ለግጥሚያ የደረሰውን ልጅ ግን ከጩኸት አንሸሽገው። ጩኸቱን በልምምድ ይልመደው።

እኛ ሰልጣኞችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለንም። ገምጋሚው መምህር ማስታወሻውን ይዞ ከክፍሉ ኋላ ሲቀመጥ ምላሳችን የሚተሳሰረው ትምህርቱን በደንብ ባልተለማመድንበት ቀን ነው። መድኃኒቱም ያው ነው፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ በጓደኛ ፊት፣ ከዚያ በክፍል። መምህሮቻችንንም በትሕትና የምንጠይቀው የመጀመሪያው ቀን ጉብኝታቸው ለምክር እንጂ ለነጥብ ባይሆን ነው።

ያቺን ልጅ ይቅርታ የምንጠይቅበት ዕድል አላገኘንም። በሚቀጥለው ዓመት ግን በሌላ ሜዳ፣ በሌላ ዛፍ ሥር፣ «እግሬን አሞኛል» የምትል ልጅ እንዳትኖር ማድረግ እንችላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምታስተምሩት የትምህርት ዓይነት ልጅን በክፍሉ ፊት የምታቆሙት በስንተኛው ቀን ነው? ለምን?
2. ስልሳ ልጆችና ሁለት ኳስ ብቻ ባለበት ሜዳ፣ ተመልካች ሆኖ የሚቀመጥ ልጅ እንዳይኖር ምን ዘዴ ትፈጥራላችሁ?