የመጨረሻውን ቀን አትሙሉት

ከአሰላ ወደ ሐዋሳ ለሽርሽር የሚወርዱ ባልና ሚስት ከተጣሉ፣ እኔ እንደታዘብኩት፣ የሚጣሉት በመጨረሻው ቀን ነው። እሱ ታቦር ተራራን አልወጣም፤ እሷ ለእናቷ ስጦታ አልገዛችም፤ ሻንጣው ተበታትኗል፤ ነገ ደግሞ በማለዳ መናኸሪያ መገኘት አለባቸው። ሐይቁ ዳር ያሳለፉት ደስ የሚል ጊዜ በጥድፊያና በኩርፊያ ያልቃል።

ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳንኤል ካህነማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ ሙከራ አሳትሞ ነበር። ተሳታፊዎቹ በአንደኛው ዙር እጃቸውን 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ አቆዩ። በሌላኛው ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ ካሳለፉ በኋላ፣ ውሃው በዝግታ አንድ ዲግሪ እየሞቀ ተጨማሪ 30 ሰከንድ ታገሡ። «የትኛውን ትደግማላችሁ?» ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ አጨራረሱ ሻል ያለ ነበርና። ሙከራው ስለ ሽርሽር የተሠራ አይደለም፤ ትዝታ ለአጨራረስ የሚያደላ መሆኑን ግን በደንብ ያሳያል።

ለአሰላ ሰው ማስረጃው ቅርብ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 25 ዙር ሮጠዋል። ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ግን ኃይሌ በ0.09 ሰከንድ ስለቀደመባቸው የመጨረሻ ሜትሮች ነው። ስለ 12ኛው ዙር ማን ያነሣል?

ስለዚህ ታቦርን ቀደም ብላችሁ ውጡ። ስጦታውን ግዙ፤ ሻንጣውንም ከዋዜማው አሰናዱ። የመጨረሻውን ቀን ለሐይቁ ብቻ ተዉት። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውን ሲያወጡና ሲበልቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ድርሻቸውን ቆመው ሲጠብቁ እዩ። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጡ፤ ጥብሱን በአዋዜ ብሉ። ሐዋሳ ከአሰላ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ናት፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ የደጋ ሰው ላይ ይበረታል። ያኔ ያለ ሐሳብ ተኙ። ፀሐይ ስትበርድ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ካሉት ዛፎች ሥር ቡና እየጠጣችሁ አምሹ፤ ፎቶ ባለፉት ቀናት በቂ ተነሥታችኋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የዘመድ ቅሬታ በዚያ ቀን አይነሣ። ጉዳዩ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አሰላ ስትደርሱም ይጠብቃችኋል።

የመመለሻው መንገድም የሽርሽሩ አካል ነው። በባቱ በኩል የምትመለሱ ከሆነ ደንበል ሐይቅ ዳር ምሳ ብሉ። ከሻሸመኔ በኮፈሌና በዶዶላ አድርጋችሁ፣ በበቆጂ በኩል የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ጋቢያችሁን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ ኮፈሌ ላይ ብርዱ ይጀምራል።