ወፉን በክር የያዘው ልጅ

ዛሬ የማስተዋውቃችሁ አንድ ሥዕል ነው። ያየሁት የክወናና እይታ ጥበባት መምህራችን ካመጡት መጽሐፍ ላይ ነው።

በሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ማኑኤል ኦሶሪዮ ማንሪኬ ዴ ዙኚጋ ይባላል። (እሱ እኛ ክፍል ቢሆን ስም ተጠርቶ ሳያልቅ ይደወል ነበር!) አባቱ የስፔን መኳንንት ሲሆኑ የአልታሚራ ካውንት ይባሉ ነበር። ማኑኤል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1784 ነው፤ የተሳለው ደግሞ በ1787 እና በ1788 መካከል። ገና የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ማለት ነው። ሆኖም ከእግሩ ሥር በተጻፈው ጽሑፍ «የኺኔስ ጌታ» ተብሏል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ጫማዬን እንኳ ግራና ቀኙን አልለይም ነበር።

የሳለው ፍራንሲስኮ ጎያ ነው። በ1786 የስፔን ንጉሥ ሰዓሊ ሆኖ ተሹሟል። ሥዕሉ የዘይት ቀለም ነው፤ ይህም የቀለም ዱቄት በዘይት፣ ብዙ ጊዜም በተልባ ዘይት፣ ተለውሶ የሚሠራ ቀለም ነው። እንደኛ የውሃ ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ሰዓሊው እየቆየ ማረምና አንዱን ቀለም ከሌላው ማዋሃድ ይችላል። የልጁን ቀይ ልብስና የሚያብረቀርቀውን መቀነት ብታዩ እውነተኛ ጨርቅ ይመስላችኋል።

እኔን የያዘኝ ግን ልብሱ አይደለም። ልጁ በእጁ ክር ይዟል፤ በክሩ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ የቁራ ዘመድ ወፍ ታስሯል። ወፉ በመንቁሩ የጎያ ስም ያለበትን ካርድ ይዟል። በሌላ በኩል ፍርግርግ ባለው የወፍ ቤት ውስጥ ትንንሽ ወፎች አሉ። ከኋላ ደግሞ ድመቶች ዓይናቸውን በታሰረው ወፍ ላይ ተክለዋል። ልጁ አያያቸውም፤ የሚያየው እኛን ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አንዲት ወፍ ይዤ እግሯን በክር አስሬ ነበር። ውሃ ላመጣላት ገባሁ። ስመለስ ክሩ ብቻ ነው የቀረው፤ ድመታችን አጥር ሥር አፏን ትልሳለች። ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ማኑኤል በ1792 ሞተ፤ ስምንት ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን በሀብታምም ቤት ልጆች ይሞቱ ነበር። ጎያ ራሱ ብዙ ልጆች ወልዶ ያደገለት አንድ ብቻ ነው። አንዳንድ የሥዕል አዋቂዎች ድመቶቹ ልጁን የከበበው አደጋ ምልክት ናቸው ይላሉ። አብሮኝ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ግን «ጎያ ልጁ እንደሚሞት በምን ያውቃል?» ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው፣ አያውቅም። ድመት ወፍ ስታይ ምን እንደምታስብ ግን ያውቃል።

ዋናው ሥዕል አሁን ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ነው። የክበባችን ሰዓሊ በእርሳስና በቀይ እስክሪብቶ በጀርባው ገጽ ላይ ገልብጦላችኋል። ድመቶቹ ሦስት ናቸው። አንዷ ጥቁር ስለሆነች ጨለማው ውስጥ ዓይኖቿን ፈልጉ።