ወንጀለኛው ሳይያዝ የሚያልቅ ፊልም ምን ያስተምረናል?

የወንጀል ታሪክ የሚያሳይ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ አንድ የታወቀ መንገድ አለው። በመጀመሪያ ወንጀል ይሠራል፤ ቀጥሎ ብልህ መርማሪ ይነሣል፤ በመጨረሻም ወንጀለኛው ተይዞ ቅጣቱን ይቀበላል፤ ተመልካቹም ልቡ ረክቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚህ መንገድ የወጡ ፊልሞች ግን አሉ። በእነዚህ ፊልሞች ወንጀለኛው ሳይታወቅ ይቀራል፤ ወይም ፈራጁ ከሚፈረድበት ሰው የማይሻል ሆኖ ይገኛል፤ ወይም እውነትን የተከተለው ሰው በመሸለም ፈንታ የሚወደውን ያጣል። እንዲህ ያለውን ፊልም አይተው ሲወጡ ብዙ ሰዎች «ታዲያ ይህ ምን ያስተምራል? ልጆችንስ አያበላሽምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የወላጅና የመምህር ጥያቄ ስለ ሆነ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። እኔም በዚህ ጽሑፍ አራት ፊልሞችን ምሳሌ አድርጌ ልመልሰው እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. መጨረሻው በደንብ የተወሰነበት ዘመን

በፊልም ላይ ወንጀለኛው ዘወትር እንዲቀጣ ያደረገው የደራስያን ፈቃድ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች በ1930 ስለ ግብረ ገብነት አንድ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ ከ1934 ጀምሮም ደንቡ በጥብቅ ይሠራበት ጀመር። በዚህ ደንብ መሠረት ፊልም ተመልካቹን ለወንጀለኛ እንዲያደላ ማድረግ፣ ሕግንም መዘባበቻ ማድረግ አይገባውም ነበር። ስለዚህ ነፍሰ ገዳይ የሆነ ሰው ፊልሙ ከማለቁ በፊት ወይ መሞት፣ ወይ መያዝ ነበረበት። ደንቡ በ1968 ቀርቶ፣ አንድ ፊልም ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ የሚለይ ሥርዓት ተተካ።

የደንቡን ኀይል ለማየት በ1949 በእንግሊዝ አገር የተሠራውን «ካይንድ ሃርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ» የተባለውን ፊልም መመልከት ይበቃል። ሉዊ ማዚኒ የሚባል ወጣት የመስፍንነት ማዕርግ ለመውረስ ሲል በመካከል የቆሙትን ዘመዶቹን አንድ በአንድ ያጠፋል። በመጨረሻ ሞት የሚፈረድበት ግን እርሱ ባልሠራው ግድያ ነው። ሊሰቀል ጥቂት ሲቀረው ከዚያ ክስ ንጹሕ መሆኑ ታውቆ ከወኅኒ ቤት ይለቀቃል። ከበሩ ውጭ እንደ ቆመም፣ የሠራቸውን ወንጀሎች ሁሉ በእጁ የጻፈበትን ማስታወሻ በእስር ክፍሉ ውስጥ ረስቶ መውጣቱ ትዝ ይለዋል። የእንግሊዙ ፊልም እዚህ ላይ ያበቃል። ለአሜሪካ ተመልካች በተዘጋጀው ቅጂ ግን ማስታወሻው በወኅኒ ቤቱ ሹማምንት እጅ ሲገባ የሚያሳይ ጥቂት ሴኮንድ ተጨመረበት።

ሁለቱን ቅጂዎች ብናስተያይ ልዩነታቸው ከጥቂት ሴኮንድ ይበልጣል። በአሜሪካው ቅጂ ፍርዱን የሚሰጠው ፊልሙ ነው፤ በእንግሊዙ ቅጂ ግን ፍርዱ ለተመልካቹ ተትቷል። በሉዊ ቀልድና በጨዋ አነጋገሩ ስንስቅ የቆየን ሰዎች «ይያዝ ወይስ ያምልጥ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቃለን። ልባችን «ያምልጥ» ያለ እንደ ሆነ፣ ጨዋ አነጋገርና ያማረ ልብስ ፍርዳችንን ምን ያህል እንደሚያዛባው ዐወቅን ማለት ነው።

፪. ፈራጁ ማን ነው?

የጀርመኑ የፊልም አዘጋጅ ፍሪትዝ ላንግ በ1931 «ኤም» የተባለውን ፊልም አወጣ። በአንድ ትልቅ ከተማ ሕፃናትን የሚገድል ሰው ተነሥቷል። ፖሊስ ከተማውን ቀንና ሌሊት ስለሚያስስ የሌቦችና የቀማኞች ሥራ ተስተጓጐለ፤ ስለዚህ ገዳዩን እነርሱ ራሳቸው አድነው ይይዙትና በአንድ የተዘጋ የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ችሎት ያቆሙለታል። የችሎቱ መሪ ራሱ በነፍስ ግድያ የሚፈለግ ሰው ነው። ገዳዩም በፍርሃት እየተንቀጠቀጠ፣ እናንተ ወንጀል የምትሠሩት ወዳችሁ ነው፤ እኔን ግን በውስጤ ያለው ነገር ያሳድደኛል እያለ ይጮኻል።

ተመልካቹ እዚህ ላይ በሁለት ነገር መካከል ይያዛል። የሰውዬው ወንጀል የሚያስምር አይደለም፤ የሞቱትም ሕፃናት ናቸው። ነገር ግን «ይገደል!» እያለ የሚጮኽ ሕዝብ ዳኛ አለመሆኑን እናያለን። በመጨረሻ ፖሊስ ይደርሳል፤ እውነተኞቹ ዳኞችም በወንበራቸው ይቀመጣሉ፤ ፍርዱን ግን አንሰማም። በፍርዱ ፈንታ የምትታየን ልጇ የተገደለባት እናት ናት። እርስዋም ይህ ሁሉ ልጆቻችንን አይመልስልንም፤ ልጆችን አጥብቆ መጠበቅ ነው እንጂ ትላለች። አዘጋጁ የመጨረሻውን ቃል ከዳኛ ወስዶ ለእናት መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ቅጣት ምንም እንኳ ተገቢ ቢሆን የጠፋውን እንደማይተካ ያስገነዝበናል።

፫. እውነት የምታስከፍለው ዋጋ

በ1949 የታየው የካሮል ሪድ ፊልም «ሦስተኛው ሰው» ይባላል። ታሪኩ የሚፈጸመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአራት መንግሥታት ተከፍላ በነበረችው በቪየና ከተማ ነው። ሆሊ ማርቲንስ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ የልብ ወዳጁ ሃሪ ላይም ፔኒሲሊን እየሰረቀና እያቀጠነ እንደሚሸጥ፣ በዚህም ምክንያት ሕፃናት በሆስፒታል እንደሚሠቃዩ ይረዳል። ወዳጁን አሳልፎ ይስጥ ወይስ ዝም ይበል? ሆስፒታሉን ካየ በኋላ ፖሊስን ይረዳል፤ ሃሪም በከተማው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ተሳድዶ ይሞታል።

በተለመደው ፊልም ቢሆን ኖሮ የሃሪ ፍቅረኛ የነበረችው አና ሆሊን ይቅር ብላ አብራው በሄደች ነበር። በዚህ ፊልም ግን ከቀብሩ በኋላ ሆሊ በመንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል፤ እርስዋም ከሩቅ ተነሥታ በዚያ ረጅም መንገድ በዝግታ መጥታ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው ታልፋለች። የታሪኩ ደራሲ ግራሃም ግሪን በደስታ የሚጨርስ ፍጻሜ ፈልጎ ነበር፤ አዘጋጁ ግን እንቢ አለ፤ ግሪንም በኋላ ትክክለኛው ሪድ እንደ ነበረ አምኗል። ሆሊ የሠራው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛ ሥራ ሁልጊዜ ምስጋና እንደማያስገኝ ፊልሙ ሳይደብቅ ያሳያል። ይህን ያላወቀ ሰው ምስጋና በጐደለበት ቀን ትክክለኛውን ሥራ ይተወዋል።

፬. ለመጨረሻ መቸኰል የሚያመጣው ጥፋት

ከአራቱ ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ኮሪያዊው ቦንግ ጁን ሆ በ2003 ያወጣው «የግድያ ትዝታዎች» የተባለው ፊልም ነው። መሠረቱ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ በደቡብ ኮሪያ ህዋሶንግ በተባለ የገጠር አካባቢ ከ1986 እስከ 1991 ድረስ ዐሥር ሴቶችና ልጃገረዶች ተገድለው ነበር።

በፊልሙ ውስጥ ሁለት መርማሪዎች አሉ። የገጠሩ መርማሪ የሰው ዐይን አይቶ ወንጀለኛን ዐውቃለሁ የሚል ነው፤ ማስረጃ ሲያጣ አእምሮው ደካማ የሆነውን ወጣት አስገድዶ ያናዝዛል፤ ይህም ሳይሆንለት ሲቀር ወደ ጠንቋይ ይሄዳል። ከዋና ከተማው ከሴኡል የመጣው ግን የሚያምነው በሰነድ ብቻ ነው። ግድያው እየቀጠለ ሲሄድ ሁለቱም ይለወጣሉ። በመጨረሻ የተጠረጠረውን ሰው ጉዳይ ለመለየት የዘር ምልክት ምርመራ ወደ አሜሪካ ይላካል፤ የመጣው መልስ ግን ይህ ሰው ገዳይ ነው ለማለት የሚያስችል አይደለም። ያ በሰነድ ያምን የነበረው የከተማ መርማሪ ሰነዱን ትቶ ሽጉጡን ይመዝዛል። እጁን የሚይዘው ያ ቀድሞ ሰው ይደበድብ የነበረው የገጠሩ መርማሪ ነው፤ የተጠርጣሪውንም ዐይን ትክ ብሎ ካየ በኋላ አላውቅም ይላል። ከዓመታት በኋላም ሥራውን ለቆ ነጋዴ ሆኖ ወደ መጀመሪያው ሬሳ ስፍራ ይመለሳል፤ ፊልሙም ይኸው ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ሲመለከተን ያበቃል።

በአገራችንም በቀደመው ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ልጁ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። የተሰረቀበት ሰው መልስ አገኘ፤ ሰፈሩም አረፈ፤ እውነቱ ግን የት እንደ ደረሰ የጠየቀ አልነበረም። ወደ ጠንቋይ የሄደው የፊልሙ መርማሪም የሚፈልገው ይህንኑ ዕረፍት ነው።

ከፊልሙ በኋላ የሆነው ነገር ከፊልሙ ይበልጥ ያስደንቃል። በ2019 ተጠብቆ ከኖረው ማስረጃ ላይ በተደረገ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ እውነተኛው ገዳይ ታወቀ። ሰውዬው የሚስቱን እኅት ገድሎ ከ1994 ጀምሮ በወኅኒ ቤት ይኖር ነበር። ግድያዎቹን ሁሉ ቢያምንም የክሱ ዘመን በይርጋ በማለፉ በእነርሱ ሊከሰስ አልቻለም።

ከእነዚያ ዐሥር ግድያዎች መካከል በ1988 የተፈጸመው ስምንተኛው ብቻ ወንጀለኛው ተይዟል ተብሎ ተዘግቶ ነበር። በ1989 አንድ ወጣት ተይዞ፣ እንቅልፍ ተከልክሎና ተደብድቦ አመነ፤ ተፈረደበትም፤ ወደ 20 ዓመት ገደማም ታሰረ። እውነተኛው ገዳይ ይህንንም ግድያ እኔ ነኝ የሠራሁት ስላለ ጉዳዩ እንደ ገና ታይቶ በታኅሣሥ 2020 ነጻ ተባለ። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል! ከዐሥሩ ታሪኮች ውስጥ የተለመደውን ፍጻሜ ያገኘው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሐሰት ነበር። ፊልሙ በ2003 ለሕዝብ ሲታይ ያ ንጹሕ ሰው ገና በወኅኒ ቤት ነበር።

፭. ለወላጆች ጥያቄ መልስ

ከዚህ በመነሣት፣ ወንጀለኛው ሳይያዝ የሚያልቅ ፊልም ሁሉ ክፉ ትምህርት ይሰጣል ማለት ትክክል አይመስለኝም። ዘወትር በቅጣት የሚያልቅ ፊልም፣ መርማሪ አይሳሳትም፣ የተያዘ ሁሉ ወንጀለኛ ነው የሚል እምነት ሳናውቀው ሊያሳድርብን ይችላል። ነገ ከእኛ መካከል ፖሊስ፣ ዳኛ፣ መምህር ወይም የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የሚሆን አለና ይህ እምነት በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ያመጣል።

ይሁን እንጂ ያልተለመደ ፍጻሜ ያለው ፊልም ሁሉ መልካም ነው አልልም። ግድያን ጨዋታ፣ ገዳዩን ጀግና አድርገው የሚያሳዩ ፊልሞች ስላሉ የወላጆች ሥጋት ከንቱ አይደለም። መልካሙን ከክፉው ለመለየት ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይረዳል። አንደኛ፣ የተበደለው ሰው በፊልሙ ውስጥ ይታያል ወይስ ተረስቷል? ሁለተኛ፣ ወንጀለኛው ለምን ወንጀል እንደ ሠራ ስንረዳ ወንጀሉ አሁንም ወንጀል ሆኖ ይቀራል ወይስ ይቀልላል? ሦስተኛ፣ ፊልሙ ፍርዱን ለእኛ ሲተው በቂ ነገር አሳይቶን ነው ወይስ መጨረስ አቅቶት ነው? «ኤም» እናቲቱን አልረሳም፤ «ሦስተኛው ሰው» የታመሙትን ሕፃናት አልረሳም፤ «የግድያ ትዝታዎች»ም የተገደሉትን ብቻ ሳይሆን በሐሰት የተያዙትንም አስቧል።

ስለዚህ ወላጆችም መምህራንም እንዲህ ያለውን ፊልም ከመከልከል ይልቅ ከልጆች ጋር ቢያዩትና መብራቱ ከበራ በኋላ «አንተ ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። እኛ ተማሪዎችም መልስ ሳናገኝ ከሲኒማ ቤት ስንወጣ አንከፋ። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል። በህዋሶንግ እስኪጠራ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ሳይነጋ ነጋ ባዮች የፈረዱበት ሰው ግን ወጣትነቱን በወኅኒ ቤት ጨርሷል።