ስለ አዝማሪ ደራሲነት

የአገር ቤት ዘፈን በክፍል ውስጥ በተነሣ ቁጥር «የሕዝብ ግጥም ነው፤ ደራሲው አይታወቅም» ሲባል እንሰማለን። ብዙዎቻችንም ይህን አባባል ሳንመረምር በደብተራችን ጽፈነዋል። በዚህች አጭር ጥናት ለጓደኞቻችን ልናስረዳ የምንፈልገው፥ ሕዝብ ተሰብስቦ ግጥም እንደማይገጥምና፥ ከእያንዳንዱ ስንኝ በስተኋላ ስምና መንደር ያለው አንድ ሰው መኖሩን ነው። ስሙ ያልታወቀው የጠየቀው ስለሌለ ነው።

አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ መዝሙርና መዘምርም ከዚያው ይወለዳሉ። ሥሩ አንድ ሲሆን ክብሩ ግን አንድ አልሆነም፤ «አዝማሪ» እስከ ዛሬ ድረስ በአንዳንድ ሰው አፍ ስድብ ነው። በጎንደርና በጎጃም ሙያው ከአባት ወይም ከአጎት ወደ ልጅ ይወርዳል። ልጁ በመጀመሪያ እየተከተለ ያያል፥ ዕቃ ይሸከማል፥ አዝማች ይቀበላል፤ ቀጥሎም ከፈረስ ጭራ የተሠራውን አንዱን አውታር በጣቱ እየነካ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን መለየት ይማራል። ጣቱ ከተፈታ በኋላ ምላሱ መፈታት አለበት፤ ከባዱም ይኸኛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባል ማሲንቆ ይመታል፥ ሚስት ትዘፍናለች። ቀጣሪ የላቸውም፥ ደመወዝም የላቸውም። ጥር ሲብት ሠርግ ይበዛና ቤታቸው ይሞላል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀላል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይወርዳል፤ ክረምት ሲመጣ ውጪው ሲርስ ኪሳቸው ይደርቃል። እርስ በርሳቸውም ሌላው ሰው የማይረዳው የሙያ ቋንቋ አላቸው፤ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው አጥንቶ ጽፎበታል። በታዳሚ ፊት ስለ ታዳሚው መመካከር ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ቋንቋ ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ሠርግ ቤት እንግባ። አዝማሪው ከዳሱ በር ቆም ብሎ ዐይኑን ያዞራል፤ ማን የሙሽራው አጎት እንደሆነ፥ ማን ከሩቅ እንደመጣ፥ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ከአንዱ ጆሮ ጠይቆ ይረዳል። ከዚያ በኋላ በስም እየጠራ ያወድሳል፤ የተወደሰውም ብሩን ከግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ጠጁ ሞቅ ሲያደርግ ከእንግዶቹ አንዱ ይነሣና «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይነግረዋል፥ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቻችን «ታዲያ ግጥሙ የእንግዳው ነው እንጂ የአዝማሪው አይደለም» ይሉናል። ነገር ግን የመጣውን ስንኝ ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው እንደዚህ አይልም። ቤት የማይመታ፥ ምቱ የጎደለ፥ በስካር የተወላገደ ስንኝ ሲወረወርለት አዝማሪው በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ አንድ ቃል ጨምሮ ያቃናዋል። አንዳንድ ጊዜም ሰሙን እንዳለ ትቶ ወርቁን ወደ ሰጪው መልሶ ያዞርበታል፤ ሰጪውም ቤቱ ከሳቀ በኋላ ነው የሚገባው። ይህን በወረቀት ላይ በአንድ ሳምንት ሠርተን ብናመጣ መምህሮቻችን ጥሩ ማርክ በሰጡን ነበር።

ሌሎች ደግሞ «ግጥሙ በቃል ተነግሮ ስለሚጠፋ ስሙም አብሮ መጥፋቱ አይቀርም» ይላሉ። ለዚህ መልስ የምናገኘው ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ስንሻገር ነው። ዘጌ ወደ ጣና ሐይቅ የገባች፥ በቡና ደን የተሸፈነች ምድር ናት፤ በጥንት ሥርዓቷ በበሬ ስለማትታረስ ነዋሪው ቡናና ጌሾ እየሸጠ እህሉን ከውጪ ይገዛል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፥ በትረ ማርያምና አዝዋ ማርያም ያሉት በዚሁ ደን ውስጥ ነው። በቤተ ክርስቲያን ያለው የቅኔ ሥርዓት ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ ቅኔ በዕለቱ ይዘረፋል፥ የትናንቱ ዛሬ አይደገምም። ይሁን እንጂ ሰሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ «የእገሌ ቅኔ» እያለ ነው። የዋሸራና የጎንጅ መምህራን ስም ከተማሪ ወደ ተማሪ ተላልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። እንግዲህ በአንዱ ደን ውስጥ ሁለት ሰዎች በቃል ይደርሳሉ፤ የአንዱ ስም ይቀራል፥ የሌላው ይቀበራል። ልዩነቱ ከግጥሙ ጠባይ ሳይሆን ከአድማጩ ንቀት የመጣ ይመስለናል።

ስማቸው የቀረላቸው ጥቂቶች ስም እንዴት እንደሚቀር ያስተምሩናል። ተሰማ እሸቴ ነጋድራስ የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ በተጨማሪም በምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። (ልጃቸው የእግር ኳሱ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።) አስናቀች ወርቁ በበኩሏ ከክራሯ ሌላ ቴአትር ቤትና ሸክላ ነበራት፤ ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. ባረፈች ጊዜ አገር አወቀ። በየዳሱ የሚዞረው ግን ማዕረጉም ሸክላውም የለውም።

አዝማሪን እንደ ደራሲ በቁም ነገር የያዘው ጠላት መሆኑ ያሳዝናል። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ጠንቋዮች፥ ትንቢት ተናጋሪዎችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዟል። እርሱ «የሕዝብ ግጥም ነው» ብሎ አላለፈም፤ የሚገጥም አፍ እንዳለ ያውቅ ነበር። ለበጎ ነገር ስም የጠየቀ ሰው ካስፈለገን ደግሞ ሚልማን ፓሪን እንጥቀስ። ይህ አሜሪካዊ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1933 እስከ 1935 በዩጎዝላቪያ እየዞረ፥ እንደ ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ጉስሌ የሚባል መሣሪያ የሚመቱ ባላገር ዘፋኞችን ቀርጿል። የሆሜርን ነገር ሊመረምር ነበር የሄደው፤ ሆኖም የእያንዳንዱን ዘፋኝ ስም፥ መንደርና መምህር አስመዝግቧል። አቭዶ ሜጄዶቪች የሚባለው ፊደል የማያውቅ ገበሬ ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች በስሙ የሚጠናው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ መብት የሚሰጠው ሥራው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ ነው፤ ማለትም በጽሑፍ ወይም በቅርጽ ሲያዝ። በአየር ላይ ተነግሮ የቀረ ስንኝ ከዚህ በር ውጪ ይቀራል። ዳሩ ግን ያው አዋጅ ከዋኝ ለሚለው ሰው ሌላ በር ይከፍታል፤ ያልተቀረጸ ክዋኔውን መቅረጽም ሆነ ማሠራጨት ያለ ፈቃዱ አይቻልም። ዛሬ በየሠርጉ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፥ በማግሥቱም «ባህላዊ» የሚል ርእስ ሰጥቶ ይለቀዋል። የሙሽሮቹ ስም ይጻፋል፥ የቪዲዮ አንሺው ስም ይጻፋል፤ የገጠመው ሰው ስም አይጻፍም።

ስለዚህ ለመጪው ጥር ወደየአገራችሁ የምትሄዱ ጓደኞቻችን አንድ ደብተር እንድትይዙ እንጠይቃለን። አዝማሪ ስታገኙ ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። ስሙን ከነአባቱ፥ መንደሩን፥ ከማን እንደተማረ፥ አብራው የምትዘፍነውን ሴት ስም፥ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፤ ስንኙን «ተቀበል» ያለው እንግዳም ካለ ለይታችሁ አስፍሩ። ለመቀረጹ ዋጋ ቢጠይቅ አትቆጡ፤ ሕጉ ከእርሱ ጋር ነው፥ በዚያ ላይ ጥር ካለፈ ጾሙ ቅርብ ነው።